«ለእምነቴ ሰው አያስፈልገኝም» ላለችው እህት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ እየዞረ ያለ አንድ ፅሁፍ አለ፣ ለኔም ብዙ ሰው እየደጋገመ ላከልኝ። ሀሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እምነት በእኔና በፈጣሪዬ መሀል ያለ ጉዳይ ነው፣ ማህበሩ፣ ሰንበቴው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ፌሎሺፑ ሁሉ ሀሜት ማምረቻ ነው፣ እኔ ቤቴን ዘግቼ እፀልያለሁ፣ ስብከቱን ከስልኬ እሰማለሁ፣ ከማንም ጋር ሳልነካካ ነፍሴን አድናለሁ። ለዚህም ስድስት ምክንያት ደርድራለች። አፃፃፏ ደስ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ እውነቷን እኮ ነው ብያለሁ፣ በጠቅላላው ግን አልተስማማሁም፣ ዝም ልል ፈልጌም አልቻልኩም ምክንያቱም ከላኩልኝ ልጆች አብዛኞቹ ከቤተክርስቲያን ቀስ እያሉ እየራቁ ያሉ ናቸው፣ ፅሁፉን የወደዱትም ለዛ ይመስለኛል።

እህቴ፣ ከአፃፃፍሽ እኩያዬ ትመስይኛለሽና አንቺ ስልሽ ንቀት እንዳይመስልብሽ። በራስሽ ቅደም ተከተል ነው የምሄደው፣ ጥቂቱን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ ጥቂቱ ላይ ግን መቆየቴ አይቀርም።

አንደኛው ምክንያትሽ ማቴዎስ 6 ነው። «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» የሚለውን ጠቅሰሽ ጌታ ራሱ ብቻችሁን ፀልዩ ብሏል አልሽ። አዎ ብሏል። ግን ከዛ በፊት ያለውን ቁጥር ለምን ዘለልሽው? ሲወራ የነበረው እኮ ሰው እንዲያያቸው ብለው በምኩራብና በመንገድ ማዕዘን ቆመው ስለሚፀልዩ ግብዞች ነው፣ የተከለከለው ታይታ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ይህን ያስተማረው ጌታ ራሱ በሰንበት ቀን እንደ ልማዱ ወደ ምኩራብ ይገባ እንደነበር ሉቃስ 4 ላይ አለ። ሉቃስ 6 ላይ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ተራራ ላይ ሲፀልይ አድሮ ሲነጋ ምን አደረገ? ደቀመዛሙርቱን ጠርቶ አስራ ሁለቱን መረጠ። ጌቴሴማኒ ላይማ ጴጥሮስንና የዘብዴዎስን ልጆች ይዞ ነው የገባው፣ «በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» ነው ያላቸው። ተኙበት። ቀስቅሷቸው ሄደ፣ ሲመለስ ደግሞ ተኝተው አገኛቸው። እንደዛም ሆነው አላባረራቸውም።

ደግሞ ብቻ መፀለይና አብሮ መፀለይ የሚጣሉ አስመሰልሻቸው። ጠዋት ከስራ በፊት አራዳ ጊዮርጊስ ግቢና እዪ እስቲ። አንዱ ግድግዳው ስር ቁጭ ብሎ ዳዊቱን ይደግማል፣ አንዷ ነጠላዋን እስከ አይኗ ተከናንባ ታለቅሳለች፣ ሌላው የመስሪያ ቤቱ ባጅ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይሰግዳል፣ ማንም ማንንም አያናግርም። ሁሉም የየራሱን እልፍኝ ዘግቶ ነው ያለው፣ ግን አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ልጅቷ ለቅሶዋ ከበረታ ደግሞ አንድ እናት ጠጋ ብለው «አይዞሽ ልጄ» ማለታቸው አይቀርም። ቤትሽ ውስጥ ይሄ የለም።

ሁለተኛው፣ ቅዱሳን። «እነ አባ እንጦንስ በረሃ የገቡት ከሰው ለመሸሽ አይደል እንዴ» ብለሻል። አባ እንጦንስ ያለውን ሸጦ እንዲሰጥ የተጠራው የት ሆኖ ነው? ቤተክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ ነው፣ ይሄን የፃፈው ገድሉን የከተበው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ታናሽ እህቱን ሜዳ ላይ በትኗት አልሄደም፣ ለደናግል አደራ ሰጥቷት ነው። ኑሮውንም ከራሱ አላፈለቀውም፣ መጀመሪያ በአጎራባች መንደር ካለ አንድ ሽማግሌ ተማረ፣ ከዛ እየዞረ ከአንዱ ትህትናውን ከአንዱ ትግስቱን ከአንዱ ፀሎቱን እየቀሰመ ነው ያደገው። ስደት ሲነሳ ደግሞ በረሃውን ትቶ እስክንድርያ ወርዶ ለእምነታቸው የታሰሩትን ያገለግል ነበር።

ወደኛ አገር ስንመጣ አቡነ ተክለሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ሲፀልዩ የሚያሳየውን ስዕል ሁላችንም ቤት አለ፣ ሀይቅ እስጢፋኖስ ላይ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀመዝሙር ሆነው መኖራቸውን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። በኋላም የተውልን ገዳም ነው፣ መነኮሳት ባንድነት የሚኖሩበት ደብረ ሊባኖስ።

ካነሳሽው አይቀር ደግሞ ማርያም ግብፃዊትን ለምን ተውሻት? ከሷ በላይ ብቸኛ የለም፣ ገድሏ እንደሚለው 47 ዓመት ሰው ሳታይ በረሃ ኖራለች። በመጨረሻ አባ ዞሲማስን ስታገኘው ምን ጠየቀችው? በሚቀጥለው ዓመት በፀሎተ ሐሙስ ስጋ ወደሙ ይዞላት እንዲመጣ። በዮርዳኖስ ውሃ ላይ የተራመደች ሴት እኮ ናት! እሷም ብትሆን የሚያቆርባት ካህን አስፈልጓታል፣ ስታርፍም የሚቀብራት ሰው አስፈልጓታል። እኔና አንቺ ሊፍት ሲበላሽ አራተኛ ፎቅ መውጣት የሚያቅተን ሰዎች ከሷ በልጠን ነው «ማንም አያስፈልገኝም» የምንለው?

ሶስተኛው መፃጉዕ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ከነጥቦችሽ ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው፣ ከማንም ሰምቼው አላውቅም። 38 ዓመት አልጋ ላይ የተኛው ሰውዬ «ሰው የለኝም» አለ፣ ጌታም ማንም ሳይሸከመው ተነሳ ብሎ አዳነው፣ ስለዚህ ሰው ባይኖርም ይዳናል አልሽ። ልክ ነሽ፣ ሰው የሌለውን እግዚአብሔር አይረሳውም፣ በአቢይ ፆም አራተኛው ሳምንት ላይ በየዓመቱ የምንሰማውም ይሄንኑ ነው። ግን ሰውዬው «ሰው የለኝም» ሲል እየተኩራራ ነው እንዴ? «ልትድን ትወዳለህን» ተብሎ ሲጠየቅ የተናገረው ሮሮ ነው፣ ከህመሙ እኩል ያመመው ነገር ነው። አንቺ የሱን ቁስል ወስደሽ መፈክር አደረግሽው።

ደግሞ ታሪኩን ግማሽ ላይ ነው ያቆምሽው። ዮሐንስ 5 ቁጥር 14 ላይ ከዛ በኋላ ጌታ ሰውዬውን ያገኘው መቅደስ ውስጥ ነው። አልጋውን ተሸክሞ ቤቱ ገብቶ አልቀረም፣ ሰው ወዳለበት ነው የሄደው። ማርቆስ 2 ላይ ያለውን ሽባስ ምን ልታደርጊው ነው? አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት፣ ህዝቡ ሲያስቸግራቸው የሰው ቤት ጣራ ነድለው አወረዱት፣ ወንጌሉ ጌታ አየ ብሎ የሚነግረን የተሸካሚዎቹን እምነት ነው፣ በሽተኛው ራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። ማመን አቅቶት የተኛ ሰው በጓደኞቹ እምነት ጌታ ፊት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። እኔ ይሄን አንብቤ አላነበብኩም ልል አልችልም።

አራተኛው ዩቲዩብ ነው፣ «ዛሬ ምርጥ መምህራን በስልኬ አሉልኝ» ያልሽው። ኧረ እኔም እሰማለሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሌላ ምን ይሰራል። ግን ስብከት መስማትና ክርስትና መኖር አንድ ነው ያለሽ ማነው? በኛ ስርዓት ቅዳሴ በአንድ ካህን አይቀደስም፣ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፣ ሁለት ቀሳውስትና ሶስት ዲያቆናት፣ ፓትርያርኩም ቢሆኑ ብቻቸውን ቆመው አይቀድሱም፣ ተሰጥኦውን የሚመልሰው ህዝብ ደግሞ ሌላ ነው። ገና በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ ሰይጣንን ክጃለሁ ብሎ በአምላክ አምናለሁ ብሎ የመለሰልሽ ማነው? የክርስትና እናትሽ ናት። አንቺ ያኔ ጡት ነበር የምትፈልጊው። እምነትሽ የጀመረው ሌላ ሰው ስላንቺ ሆኖ በተናገረው ቃል ነው፣ ብቻዬን ነኝ ለማለት በጣም ዘግይተሻል።

ለማንኛውም በስልክ ብቻ ምን እንደሚመስል አይተነዋል። በኮሮና ጊዜ፣ 2012 ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካን በቲቪ ነው ያከበርነው። ደህና ነበር ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በሩ የተዘጋ ቤተክርስቲያን አጥር ስር ነጠላ ለብሰው አስፋልት ላይ የሚሰግዱትን አይተሽ ከሆነ እነሱም ስልክ ነበራቸው እኮ። ዩቲዩቡ የሚያውቅሽ ያየሽውን ቪዲዮ ቆጥሮ ነው፣ ሶስት ሳምንት ብትጠፊ ሌላ ቪዲዮ ያቀርብልሻል እንጂ በር አያንኳኳም።

አምስተኛው ላይ ደርሰናል፣ አንቺንም ያፃፈሽ እሱ ይመስለኛል፣ ከሌሎቹ ነጥቦች ለየት ባለ ድምፅ ነው የፃፍሽው። «ከአለማውያን ይልቅ ያቆሰሉኝ የቤተክርስቲያን ሰዎች ናቸው» ብለሻል። ማህበር ላይ ሀሜት እንዳለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልብስሽን አይተው እንደሚፈርዱብሽ፣ ዝክሩ የድግስ ፉክክር እንደሆነ፣ አንዷ የነገርሻትን ሚስጥር እንዳወጣችብሽ። ይሄን አልከራከርሽም። እንዳለ እውነት ነው። እኔ ራሴ የማውቃት ልጅ አለች፣ የትኛው ደብር እንደሆነ አልናገርም፣ ያገለገለችበት መዝሙር ክፍል ውስጥ በእጮኛዋ ጉዳይ ያወሩባት ወሬ ቤተሰቦቿ ጆሮ ደርሶ ለብዙ ጊዜ ደጀሰላም አልረገጠችም። ሰው ምን ይለኛል ብቻ ይዞት የሚሄድ ምዕመንም ሞልቷል። ድግሱም ቢሆን፣ በዚህ ኑሮ ዶሮ ካልተሰራ ማህበር አወጣሁ አይባልም የሚሉ ሰዎች ድሃዋን ጎረቤታቸውን ከማህበር እንዳስወጧት አውቃለሁ፣ ዳቦና ጠላ ይበቃ ነበር፣ ንፍሮም ይበቃ ነበር።

የማልስማማው ከዛ በኋላ ያለው መደምደሚያ ላይ ነው። ሰው ስላቆሰለሽ ሰውን ሁሉ ተውሽ፣ እሺ፣ ቁስሉን ማን ያክመው? ያቺ የነገርኩሽ ልጅ ተመልሳለች፣ የመለሳት ስብከት አይደለም። የክርስትና እናቷ በየሳምንቱ ቡና አፍልተው ይጠሯት ነበር፣ ስለ ቤተክርስቲያን አንድም ቀን አላነሱባትም፣ ቡናው ሲያልቅ «አባታችን ሆይ» ደርሰው ይሸኟታል፣ በቃ። አንድ ቀን ራሷ «ነገ ኪዳን አብረን እንሂድ» አለቻቸው። አሁን ሌላ አጥቢያ ታገለግላለች፣ ያወሩባት ሰዎች ይቅርታ አልጠየቋትም፣ እሷም አልጠበቀችም።

የጓደኛዬ ወንድምም አለ። ቤቲንግ ቤት ነበር የሚውለው፣ ደሞዙን ይበላበታል፣ የእናቱን ወርቅ ሸጦበታል፣ ቤተሰቡ ያልሞከረው የለም፣ ፀበል፣ ስድብ፣ ሽማግሌ። የጥምቀት ሰሞን ለታቦት ምንጣፍ የሚያነጥፉት የሰፈሩ ልጆች ጉልበት አንሷቸው «ና እርዳን» ብለው ጎተቱት። አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል፣ ወደ ጃንሜዳ ሲወርድ ቀዩን ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለሉ በሩጫ ወደፊት የሚያመጡት ልጆች፣ ከታቦቱ በፊት መድረስ አለባቸው፣ ትንፋሽ የለም። ልጁ የሄደው ለቲሸርቱ ነው፣ ራሱ ነው የሚለው። ከጥምቀት በኋላ ግን ልጆቹ አልለቀቁትም፣ ማታ ማታ ቤቲንግ የሚሄድበት ሰዓት ላይ ይደውሉለታል፣ መንገድ ላይ ይጠብቁታል፣ አንደኛው ጭራሽ ደሞዙን ተቀብሎ ለእናቱ እስከማድረስ ደረሰ። ወደቀ ደግሞ፣ ከአንዴም በላይ ወደቀ፣ እነሱም አወቁበት ምክንያቱም በየቀኑ ያዩታል። አሁን የንስሐ አባት ይዟል። ድኗል ብዬ አልምልልሽም፣ ከቤቲንግ ማን ድኗል ይባላል፣ ግን ብቻውን ቢሆን የት ይደርስ እንደነበር እናቱን ጠይቂያት።

እንደኔ አምስተኛ ነጥብሽ የሚያሳየው ሰው እንደማያስፈልገን ሳይሆን ጥሩ ሰው እንደሚያስፈልገን ነው። ሚስጥር የምታወጣውን ትተሽ ሚስጥር የምትጠብቀውን መፈለግ፣ የንስሐ አባት ካልተስማማሽ ሌላ መያዝ፣ ያ አጥቢያ ካቆሰለሽ እግርሽን ወደሌላው ማንሳት። አዲስ አበባ መሀል ላይ ሆነሽ ደብር ጠፋ አትይኝም መቼም፣ ከአራት ኪሎ በእግርሽ የትም ትደርሻለሽ።

ስድስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው ሼር ያደረገው ነጥብ ነው። «ማህበርና እድር ባህል እንጂ እምነት አይደለም፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርስ ሁሉም ተበትኗል፣ እምነታችን ግን ከኛ ጋር ቀርቷል፣ ስለዚህ ሰፈርና ስብስብ የእምነት መሰረት አልነበረም» የሚለው። ይሄ በጣም አናዶኛል፣ ምክንያቱም የኛ ቤት ካዛንቺስ ነበር።

2016 ላይ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ሲፈርስ እናቴ ዘመድ ልታፅናና ሄዳ ነበር፣ 2017 ላይ ተራው የኛ ሆነ። ብዙ ጎረቤቶቻችን ገላን ጉራ ገቡ፣ ሌላው ሌላ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላው ዘመድ ጋ። ልማቱ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ክርክር እዚህ አላመጣውም፣ መንገዱ አምሯል፣ እናቴም አምሯል ትላለች። ግን የእድሩ ድንኳን፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ለማን ይሁን ሲባል ሽማግሌዎቹ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የሚያለቅሱት ለድስት ነው? ማን ይቀብረኛል ብለው ነው።

እናቴ ወር በገባ በ22 የሚወጣው የኡራኤል ማህበር ማህበርተኛ ናት። ሲበተኑ እንዳልሽው እምነታችን ልባችን ውስጥ አለ ብለው ፅዋውን ማስቀመጥ ይችሉ ነበር፣ ሀሳቡ ተነስቶም ነበር አሉ፣ ታክሲው፣ እድሜው፣ ጉልበቱ። አላስቀመጡትም። 22 በስራ ቀን ከዋለ ወደሚቀጥለው እሁድ እናዛውር አሉ፣ ድግሱ ቀርቶ ዳቦና ቆሎ ይሁን አሉ፣ ኡራኤል እንደሆነ ቦታውን አልለቀቀም፣ እዛው አስቀድሰው ተገናኝተው ፅዋውን ለባለተራዋ አስረክበው ይለያያሉ። ካንዷ በቀር ሁሉም ይመጣሉ። ያቺ አንዷ በተከታታይ ስትቀር በደንቡ መቀጫ አለባት፣ የማህበሩ ሙሴ (መሪው ማለት ነው) መቀጫውን ትተው ሁለት ሴቶች ላኩ፣ አዲሱ ብሎክ ውስጥ ማንንም ሳታውቅ ስኳሯ ከፍ ብሎባት ተኝታ አገኟት፣ የብሎኩ ሰው ያቺ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩንም በቅጡ አያውቅም። እሷም ፀሎተኛ ናት፣ በሯን ዘግታ ትፀልይ ነበር።

ባህል ነው ብትይው ግድ የለኝም። «በአንዳንዶችም ዘንድ ልማድ እንደ ሆነው መሰብሰባችንን አንተው» የሚለው ዕብራውያን 10 ላይ ነው ያለው፣ ካዛንቺስ ሳይቆረቆር ነው የተፃፈው። መቼም ያኔም መቅረት የጀመረ ሰው ነበር ማለት ነው።

ስብስቡ ሲፈርስ እምነት ብቻውን ይቀራል የሚለው ደግሞ በራሳችን ታሪክም አልታየም። በደርግ ጊዜ፣ ጥር 1974 ላይ፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ተዘግታ ህንፃዋ ተወስዶ መሪዎቿ ታሰሩ። እኔ የነሱ አባል አይደለሁም ግን ታሪኩን የማያከብር ክርስቲያን የለም። አዳራሽ ሲያጡ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ሆኑ፣ ቡና የሚጠጡ መስለው እየተሰበሰቡ፣ ወደ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በልጠው ወጡ። በኛም በኩል ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በተገደሉበት ስርዓት መጨረሻ ላይ፣ 1983 ለወታደራዊ ስልጠና ብላቴ የተላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካምፕ ውስጥ እየተፈላለጉ አብረው መፀለይ ጀመሩ፣ ከነሱ መሀል ናቸው በ1984 ማህበረ ቅዱሳንን የመሰረቱት። የሚያስፈራ ጊዜ ሲመጣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች በራቸውን ሲዘጉ ከውስጥ ሌላ ሰው ነበር።

ስድስቱም አለቀ። ኮመንት ላይ እንዳየሁት ብዙ ሰው «ፀጋውን ያብዛልሽ» ብሎሻል፣ አሜን፣ እኔም እላለሁ። ግን መልስ የምትፅፊ ከሆነ በማቴዎስ 6 ላይ አንከራከር፣ አምስተኛውን ነጥብ አንሺው። ያቺ ሚስጥርሽን ያወጣችብሽ ልጅ ከመኖሯ በፊት ሚስጥርሽን የምትነግሪው ማን ነበር፣ አሁንስ ማን አለ? ፅሁፍሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ እሱን አልፃፍሽውም።